ቀንበር፣ ኮርቻ፣ በር

ተማሪ ሳለሁ ሁለት ክረምት ሳህን አጥቤያለሁ። ክረምት የምለው በእኛ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ኦስትሪያ በጋ ናቸው። ቦታው ቲሮል ውስጥ፣ ዛፍ ከሚያበቃበት ከፍታ በላይ ያለ የተራራ ማደሪያ ነበር። የአገሩ ሰው «ሁተ» ይለዋል፤ ጎጆ ማለት ነው። ጎጆ ይባል እንጂ ሰማንያ ሰው የሚያድርበት የድንጋይ ቤት ነው። እኔ የደባርቅ ልጅ ስለሆንኩ ብርዱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሽማግሌውን ሁሉ «አንተ» ማለቱ ነበር፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ማለዳ ማደሪያውን የሚያስተዳድሩት፣ ስድሳ ያለፋቸው ሴት ከእቃ ማጠቢያው ጠሩኝ። ሁለት እንግሊዛውያን፣ ባልና ሚስት፣ ገመዳቸውን ጠቅልለው ሊወጡ ነው። «ራንድክሉፍቱ ተከፍቷል በያቸው» አሉኝ። ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ ባይ ነበርኩና አላመነታሁም። ራንድ ጠርዝ ነው፤ ክሉፍት ስንጥቅ። «የጠርዙ ስንጥቅ ክፍት ነው» ብዬ በጠራ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። አመስግነውኝ፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ለካስ ሱቁ ክፍት ነው እንደሚባለው ነው የገባቸው።

ከአምስት ሰዓት በኋላ ሱሪያቸው እስከ ጭናቸው ርሶ ተመለሱ። ሰውየው አልተቆጡም። ምን ልላቸው ፈልጌ እንደነበር በሥዕል እንዳሳያቸው ብቻ ጠየቁኝ። ሴትዮዋን አማክሬ የሂሳብ ወረቀት ጀርባ ላይ ሣልኩ፦ በዚህ በኩል ድንጋይ፣ በዚያ በኩል በረዶ፣ መሐላቸው ጨለማ። ሰውየው ግንባራቸውን መታ አድርገው «አሃ! በርግሽሩንድ!» አሉ። ሴትዮዋ ከምድጃው ዘወር ሳይሉ «በርግሽሩንድ አይደለም፤ ራንድክሉፍት ነው» ብለው መለሱ።

እኔ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ጀርመንኛውን ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተጠየቅሁ፤ የጎደለኝ የእንግሊዝኛ ቃል ሌላ የጀርመንኛ ቃል ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ቢሆን ስሕተት ነው ተባለ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት ያን ቀን እኔ ላይ ደረሰ።

ልዩነቱ ለሚወጣ ሰው ትልቅ ነው። ራንድክሉፍት ድንጋይ ከበረዶ የሚለያይበት ክፍተት ነው፤ ፀሐይ ያሞቀችው ድንጋይ አጠገቡ ያለውን በረዶ እያቀለጠ ያርቀዋል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ይሰፋል። በርግሽሩንድ ግን በረዶ ከበረዶ የሚለያይበት ነው፤ ቁልቁል የሚጓዘው ግግር በረዶ፣ ከላይ ተራራው ላይ ተጣብቆ ከቀረው ሲላቀቅ የሚፈጠር። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ቃላት ከጀርመንኛ ቢወስድም፣ ራንድክሉፍትን ለሊቃውንቱ ትቶ በተራራ ወጪዎቹ አፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም በርግሽሩንድ ይላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት አልፏል። ኢንስብሩክ ቀረሁ፤ እንጀራዬም ትርጉም ሆነ። አብዛኛው ሥራዬ የልደት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንድ ሰው የአያቱን የተራራ ማስታወሻ ይዞልኝ ይመጣል፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የልጅ ልጆች ይተርጎምልኝ ይላል። በዚህ ሥራ መሐል አንድ ነገር ታዘብኩ፦ እንግሊዝኛ የጀርመኖችን የተራራ ቃላት እኩል አላስተናገደም። አንዳንዱን እንዳለ ወሰደ፤ አንዳንዱን ተረጎመ፤ አንዳንዱን ከደጅ መለሰ። የቱን ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1850ዎቹ ነው። አልፍሬድ ዊልስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው በ1854 ግሪንደልቫልድ አጠገብ ያለውን ቬተርሆርን ወጣ። በ1857 ለንደን ላይ የአልፕስ ክበብ ተመሠረተ፤ በዓለም የመጀመሪያው የተራራ ወጪዎች ማኅበር ነው። ኦስትሪያውያን በ1862፣ ስዊሶች በ1863፣ ጀርመኖች በ1869 የየራሳቸውን አቋቋሙ። የለንደኖቹ አባላት ጠበቆች፣ ቄሶች፣ መምህራን ነበሩ። ገንዘብና የዕረፍት ጊዜ ነበራቸው፤ በረዶ ግን አያውቁም። በረዶ የሚያውቀው የአገሬው እረኛና አዳኝ ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና እሱን መሪ አድርገው ቀጠሩት።

እዚህ ላይ ነው ቋንቋው የተከፈለው። ሞንብላን ሥር፣ በሻሞኒ ያለው መሪ ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ የግሪንደልቫልዱ፣ የማይሪንገኑና የሴርማቱ ጀርመንኛ። ጌታው ከፊቱ የሚሄደው መሪ የጠራለትን ስም ይዞ አገሩ ገባ። ኩልዋር (የገደል ሰርጥ)፣ አሬት (ስለታም ሸንተረር)፣ ሴራክ (የበረዶ ቋጥኝ) ከፈረንሳይኛው መጡ፤ በርግሽሩንድ ከጀርመንኛው። አንዳንዴ አንድ ነገር ሁለት ስም ይዞ ገባ። ክረምቱን አልፎ የጠነከረው አሮጌ በረዶ በሻሞኒ ኔቬ፣ በጀርመንኛው ፊርን ነው፤ እንግሊዝኛው ዛሬም ሁለቱንም ይዟል። ፊርን በጥንት ትርጉሙ «የአምና» ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ሳቄ መጣ። እኛ ከሰማይ የወረደውንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውንም በረዶ እንላለን፤ ስሜን ላይ ለሚያርፈው አመዳይ አለን። ለአምናው በረዶ ግን ቃል አላወጣንም። እኛ ዘንድ አምና የወረደ በረዶ ዘንድሮ አይገኝማ።

የዚያን ዘመን እንግሊዞች ከወሰዱት ይልቅ ያልወሰዱት ይበልጥ ያስተምራል። በረዶ ቆፍሮ የተወው፣ እንደ ድስት የጎደጎደ የተራራ እቅፍ በጀርመንኛ ካር ይባላል። ይህ ቃል እንግሊዝኛ አልገባም፤ ምክንያቱም ስኮትላንዶች ኮሪ፣ ዌልሶች ኩም የሚሉት አገር ቤት ነበራቸው። ጆርጅ ማሎሪ በ1921 ኤቨረስት አጠገብ ያየውን ታላቅ እቅፍ የሰየመው በዌልሱ ቃል ነው፤ እስከ ዛሬ ዌስተርን ኩም ይባላል። ቤቱ ያለውን ዕቃ ማንም ከጎረቤት አይዋስም።

ከዚያ ዘመን ሰዎች ሌስሊ ስቲቨንን እወዳለሁ። የቨርጂኒያ ዉልፍ አባት ነው። በ1861 ሁለት ነገር አደረገ፦ ሄርማን ቤርሌፕሽ ስለ አልፕስ የጻፈውን የጀርመንኛ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመ፤ በነሐሴ ወር ደግሞ ሽሬክሆርንን ከሦስት የአገሬው መሪዎች ጋር ከማንም ቀድሞ ወጣ። ሽሬክ ድንጋጤ ነው፤ የድንጋጤ ቀንድ እንደ ማለት። ተርጓሚ ሆኖ የተረጎመውን ቃል በእግሩ የረገጠ ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ ለምሳሌ ራንድክሉፍትን ስተረጉም አይቼው አላውቅም ነበር።

ከበረዶው ቀጥሎ ዕቃው መጣ። አልፐንሽቶክ ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም የእረኛ ዱላ ነው፤ እንግሊዞቹ ዱላውን ሲይዙ ስሙንም ያዙ። የጀርባ ከረጢቱ ሩክዛክ በ1860ዎቹ እንግሊዝኛ ውስጥ ታየ። በመጽሐፉ ጀርመንኛ ጀርባ «ሩከን» ሲባል አናባቢው ጠበብ፣ ከንፈር ሹል ይላል፤ ተራሮቹ ላይ ያለው ሰው ግን ደልደል አድርጎ ይጠራዋል። ከረጢቱ ስሙን ያገኘው ከተራራው አነጋገር ነው፤ እንግሊዝኛም እንደዚያው ወሰደው። ቃሉን ያስረከበው የተማረው ሳይሆን የተሸከመው ነው።

ሦስተኛው ማዕበል የመጣው ከሙኒክ ነው፤ ጠቡም አብሮ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት የሙኒክና የቲሮል ወጣቶች ያለ መሪ፣ በቀጥታው ገደል ላይ መውጣት ጀመሩ። ሃንስ ፊሽትል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚመታ፣ ቀለበት ያለው የብረት ችካል ሠራ፤ ሀከን ይሉታል። ኦቶ ሄርሶግ በ1910 ግድም ካራቢነርን ወደ ገደሉ አመጣ። ይህ በምላስ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቀለበት የካራቢን ጠመንጃ ማንጠልጠያ መንጠቆ ነበር፤ ሄርሶግ የሙኒክ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሲጠቀሙበት አይቶ ነው ይባላል። ሃንስ ዱልፈር ደግሞ ገመዱን በጭኑና በትከሻው አዙሮ፣ በገዛ ሰውነቱ እየገታ የሚወርድበትን ዘዴ አስፋፋ። በ1915 በሃያ ሦስት ዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ አራስ አጠገብ በጦርነቱ ሞተ፤ ስሙ ግን «ዱልፈርሲትስ» ተብሎ በእንግሊዝኛ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቀረ።

ዱልፈርን ካነሳሁ የምወዳትን ጨዋታ ልንገራችሁ። በድንጋይ ስንጥቅ ጠርዝ እጅ እየሳበ እግር እየገፋ፣ ወደ ኋላ ተንጋልሎ የሚወጣበት ዘዴ አለ። ጀርመኖች በጣሊያን ተራራዎች በነበረው በቲታ ፒያዝ ስም «ፒያሰን» ይሉታል። ጣሊያኖቹ ደግሞ በጀርመናዊው ስም «ዱልፈር» ይሉታል። አንዱ ለሌላው ክብሩን እንደ ግብዣ እየገፋ እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ማንንም ሳያከብር «ሌይባክ» አለው፤ መንጋለል።

እንግሊዞቹ ካራቢነርን ወሰዱት፤ አሳጥረውም «ክራብ» አሉት፤ አሜሪካኖቹ ፊቱን ቆርጠው «ቢነር»። ሀከንን ግን አልወሰዱም። ድንጋይ ላይ ብረት መምታት ለለንደኖቹ አዛውንት ነውር ነበር። የክበቡን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው፣ ኋላም ፕሬዚዳንቱ የሆነው ኤድዋርድ ስትራት የዚህ ተቃውሞ ዋና ድምፅ ነበር። ሀከን ለሚሉት ዕቃ ከፈረንሳይኛ ፒቶን፣ ከአገር ቤት ፔግ (ችካል) ተገኘለት። በ1936 የሙኒክ ወጣቶች ዌልስ ድረስ ሄደው ትራይፈን በሚባለው ተራራ ላይ በብረት ችካል እየታገዙ አዲስ መንገድ ወጡ። የአገሩ ወጪዎች ተከትለው ችካሎቹን ነቀሉ፤ መንገዱንም ያለ ብረት ወጡት። መንገዱ እስከ ዛሬ «ሙኒክ ክላይም» ይባላል። ብረቱ ተነቀለ፣ ስሙ ቀረ።

በገመድ መውረዱ ደግሞ እንግሊዝኛን ራሱን ለሁለት ከፈለው። ጀርመኖቹ «አብዛይለን» ይላሉ፤ አብ ወደ ታች፣ ዛይል ገመድ። ብሪታንያ በ1930ዎቹ ቃሉን ተቀብላ «አብሴይል» አለችው። አሜሪካ ግን የፈረንሳዩን «ራፔል» መረጠች፤ መልሶ መጥራት ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ሥራ ሲያዩ ዓይናቸው የሚያርፈው ለየብቻ ነው። የጀርመኑ ሰውየውን ሲወርድ ያያል፤ የፈረንሳዩ ሰውየው ከወረደ በኋላ ገመዱን ወደ ራሱ ሲስብ። አንድ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ከአንድ ገመድ አንዱ በጀርመንኛ፣ አንዱ በፈረንሳይኛ ይወርዳሉ።

ከላይ ሆኖ የጓደኛን ገመድ ይዞ መጠበቁስ? በጀርመንኛ «ዚሸርን» ነው፤ ማስተማመን። እንግሊዝኛው «ቢሌይ» ይላል፤ እሱ ከመርከበኛ የመጣ ነው፤ ገመድን መርከቡ ላይ ጠምጥሞ ማሰር። የደሴት ሰው ገመድን የተማረው ከባሕር እንጂ ከገደል አይደለም። እኔ ይህን ቃል ስተረጉም ደብረ ዳሞ ትዝ ይለኛል። ወደ ገዳሙ የሚወጣው ሰው አስራ አምስት ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ሲወጣ፣ ሌላ ማሰሪያ ወገቡ ላይ ይጠመጠማል፤ ከላይ መነኩሴው ይይዝለታል። ሴት ስለማይወጣበት አላየሁትም፤ ከሥሩ ቆሜ ወንድሜን ሲጎትቱት ነው ያየሁት። ያ መነኩሴ ዚሸርንም ቢሌይም ሳይሰማ ሥራውን ያውቀዋል።

ከዚህ ወዲያ ዝርዝሩ ረጅም ነው። የቪየናው ካርል ፕሩዚክ በ1931 ያሳተመው ቋጠሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ግስ ሆኗል፤ በገመድ ላይ ሽቅብ መሄድን «ፕሩዚክ ማድረግ» ይሉታል። አሁን የእንግሊዝ ወጣት ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው ሰፊ ካራቢነር ኤች ኤም ኤስ ይባላል። በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ላደገ ሰው እነዚህ ሦስት ፊደላት የንጉሣዊ የጦር መርከብ ስም መነሻ ናቸው። ካራቢነሩ ላይ ግን «ሃልብማስትቩርፍዚሸሩንግ» ከሚባል አንድ ክንድ ከሚሆን የጀርመንኛ ቃል የተቆረጡ ናቸው፤ የቋጠሮ ስም ነው። ቃሉ ቢረዝምባቸው ምሕጻሩን ብቻ አስገቡት።

እንግዲህ ዕቃው እንዲህ ሳይተረጎም ከገባ፣ እንግሊዝኛ የተረጎመው የቱን ነው? መልሱ አይገር ላይ አለ።

የአይገር ሰሜናዊ ገጽ ከሥሩ እስከ ጫፉ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ጀርመኖቹ ኖርድቫንድ፣ የሰሜን ግድግዳ ይሉታል፤ እንግሊዝኛው «ፌስ»፣ ፊት ይለዋል። አንዱ ቤት ያያል፣ አንዱ ሰው። በ1935 ሁለት የሙኒክ ልጆች፣ ማክስ ዜድልማየርና ካርል ሜሪንገር፣ እዚያ ሞቱ። በ1936 አራት ሆነው የወጡት ሁሉ አለቁ። የመጨረሻው ቶኒ ኩርስ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። ሊያድኑት የመጡት መሪዎች አንዱ ገመድ ስላልበቃ ሁለት ቀጥለው ላኩለት፤ ሲወርድ መጋጠሚያው ቋጠሮ ካራቢነሩ ውስጥ አላልፍ አለ፤ መሪዎቹ ሊነኩት ጥቂት ሲቀራቸው አቅሙ አልቆ ሞተ። በጀርመንኛ ጋዜጦች ኖርድቫንድ አንዲት ፊደል ለውጦ «ሞርድቫንድ» ሆነ፤ የግድያ ግድግዳ። እንግሊዝኛው ይህን ሊያመጣው አልቻለም። ሰምና ወርቅ ያደግንበት ሰዎች ምን እንደጠፋ እናውቃለን፤ ሰሙን ስታስተላልፍ ወርቁ እጅህ ላይ ይቀራል።

ግድግዳው በሐምሌ 1938 በአራት ሰዎች ተወጣ፦ አንደርል ሄክማየር፣ ሉድቪግ ፎርግ፣ ሃይንሪሽ ሃረርና ፍሪትስ ካስፓሬክ። ሃረር ታሪኩን ነጩ ሸረሪት ብሎ ጻፈው፤ ሂው ሜሪክ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሸረሪቱ ግድግዳው አናት አጠገብ ያለ፣ እግሮቹን የዘረጋ የበረዶ ሜዳ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ እንግሊዝኛ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ተርጉሟል፦ የካውያው ብረት፣ የወንጭፊት ጎጆ፣ የሞት ማደሪያ፣ የአማልክት መሻገሪያ፣ ነጩ ሸረሪት። ሳይተረጎም የቀረው የሰው ስም ብቻ ነው፤ ከ1936ቱ አራት ሟቾች አንዱ፣ ሂንተርሽቶይሰር፣ ያለፈበት መሻገሪያ።

ለምን? ይህ ነው የዓመታት ትዝብቴ። ካራቢነር እጁ ላይ ያለው ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፤ ዕቃው ራሱ ይተረጉምለታል። የሞት ማደሪያን ግን ብዙው አንባቢ አያየውም፤ ማንቸስተር ቤቱ እሳት ዳር ተቀምጦ ነው የሚያነበው። እሱ እንዲፈራ ቃሉ በእናቱ ቋንቋ መምጣት አለበት። እጅ የሚይዘው ስሙን ይዞ ተሻገረ፤ ጆሮ ብቻ የሚሰማው ተተረጎመ።

ሲተረጉሙ ያልነበረ ነገርም ጨመሩ። አይገር በእንግሊዝኛ ጽሑፎች «ሰው በላው ጭራቅ» እየተባለ ኖሯል። ከጎኑ ያሉት ሜንሽና ዩንግፍራው በእርግጥ መነኩሴና ድንግል ስለሆኑ፣ መነኩሴው ድንግሊቱን ከጭራቁ ይጠብቃል የሚል ተረት ተገጣጠመ። ያምራል፤ ግን የአይገር ስም በ1252 ሰነድ ላይ በላቲን «ሞንስ ኤገሬ» ተብሎ ሰፍሯል፤ በጀርመንኛም ጭራቅ አይገር አይባልም። ሳቁን ለነሱ ብቻ አንተወው። እኛም ራስ ደጀን የምንለው ተራራ በውጭ ሰው ካርታ ላይ ራስ ዳሸን ሆኖ ተመልሶ፣ የባንክና የቢራ ስም ሆኖልናል።

ሦስተኛ ዓይነት ቃላትም አሉ፤ ያልተወሰዱም ያልተተረጎሙም። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሰው ሁሉ «አንተ» ይባባላል የሚል ልማድ በአልፕስ አለ። ጀርመንኛ እንደ እኛ «አንተ»ና «እርስዎ» አለው፤ ተራራ ላይ እርስዎ ይወድቃል። ማደሪያው ውስጥ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሰው አንተ ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ስል ዓይኔ መሬት ያያል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ እንዴት ትመልሰዋለህ? ለእነሱ ሁሉም «ዩ» ነው፤ የሚወድቅ ነገር የላቸውም።

ዛይልሻፍት ሌላው ነው፤ በአንድ ገመድ የታሰሩ ሰዎች ኅብረት። እንግሊዝኛው «የገመድ ቡድን» ይላል፤ አይበቃም። ጀርመኖቹ ቃሉን ፖለቲካ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ እርስ በርስ እየተሳሳቡ ሥልጣን ላይ የሚወጡ ሰዎች ማለት ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው የመጀመሪያው ትርጉም ነው፤ ለሁለተኛውም አገራችን ውስጥ ምሳሌ አይጠፋም። ጫፍ ላይ ሲደርሱ እጅ ተጨባብጠው የሚሉት «በርግ ሃይል»ም አልተሻገረም። ከናዚዎች በፊት የነበረ ሰላምታ ቢሆንም፣ «ሃይል» የሚለው ከ1945 በኋላ በእንግሊዝ ጆሮ ሌላ ድምፅ አለው።

ከቃላቱ ሁሉ ለእኔ ቅርብ የሆነው ዮኽ ነው። በሁለት ጫፎች መሐል ያለውን ዝቅ ያለ መተላለፊያ ጀርመኖቹ ዮኽ ይሉታል፤ ቀንበር። ዛተል የሚሉትም አለ፤ ኮርቻ። እንግሊዝኛው ኮርቻውን ሲያውቀው ቀንበሩን ትቶ የፈረንሳዩን «ኮል» ያዘ፤ አንገት። አባቴ ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ድረስ ለእንግዶች በቅሎ የሚጭን ሰው ነበር። ለእሱ ያ ቦታ በር ነው፤ ጣርማ በርም እንደዚያ። ቀንበርና ኮርቻ አርሶ የሚጭን ሰው ቃል ነው፤ በር ደግሞ ከወዲያ ማን እንደሚመጣ የሚጠብቅ ሰው ቃል ይመስለኛል።

ወደ ኋለኛው ዘመን ልዝለቅ። ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ ያሉትን አስራ አራት ተራሮች ጀርመኖቹ አኽትታውዘንደር አሏቸው፤ ስምንት ሺሄ እንደ ማለት። እንግሊዝኛው ቃል በቃል ገልብጦ ወሰደው፤ ያኔ እንግሊዝ ተራራ የሚለካው በጫማ ነበር፤ በጫማ ሲሆን 26,247 ነው፤ ውበት የሌለው ቁጥር። ለቃሉ ሲሉ የጎረቤትን መለኪያ ተቀበሉ። በ1975 ደግሞ ኩርት አልበርት፣ ኋላ የሂሳብና የፊዚክስ መምህር የሆነ ሰው፣ በፍራንከን ገደሎች ላይ አንድ መንገድ ችካል ሳይዝ ሳይረግጥ ሲወጣ ሥሩ ላይ ቀይ ነጥብ መቀባት ጀመረ፤ ሮትፑንክት። ዛሬ ከአሜሪካ እስከ አውስትራሊያ ያለ ወጣት «ሬድፖይንት አደረግሁ» ይላል፤ ቀለሙን ያላየም ይለዋል።

ብድሩም ተመልሷል። እንግሊዛዊው አልበርት ማመሪ በ1880 አንድን ጫፍ በጨዋ መንገድ አይወጣም ሲል የተጠቀመባት «ባይ ፌር ሚንስ» ዛሬ ጀርመንኛ ውስጥ ሳትተረጎም ትኖራለች። የኢንስብሩክ ልጆችም ዛሬ «ቦልደርን» ሄድን ይላሉ፤ ቃሉ እንግሊዝኛ፣ መጨረሻው ጀርመንኛ።

የእኛስ ቃል? አንድ ተሻግሯል። በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ስለ ኢትዮጵያ መልክዐ ምድር የሚጽፉ ሰዎች አምባን አምባ ይሉታል። ጣሊያንኛ ውስጥ እንኳ «አምባራዳን» ትርምስ ማለት ነው፤ በየካቲት 1936 አምባ አራዳም ላይ ከተደረገው ጦርነት የተረፈ። ካራቢነር ከጠመንጃ መንጠቆ መምጣቱን አትርሱ፤ ቃል የሚያሻግር እጅ ሁሉ ባዶ እጅ አይደለም። አንድ ጊዜ የጂኦግራፊ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ አርታዒው አምባን «የጠረጴዛ ተራራ» እንድለው ጠየቀኝ። ግሸን ላይ የነገሥታት ልጆች ታስረውበታል፣ መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ በ1868 ሞተውበታል፤ ጠረጴዛ ላይ ማን ይሸሸጋል፣ ማንስ ይሞታል ብዬ ጻፍኩለት። አምባ ሆኖ ታተመ።

ያኔ፣ ራንድክሉፍትን ባበላሸሁበት ማታ፣ ደባርቅ ደውዬ ነበር። ለአባቴ አስረዳሁት፦ ድንጋይ አለ፣ በረዶ አለ፣ በጋ ሲሆን በረዶው ከድንጋዩ ይርቃል፣ መሐላቸው ሰው የሚውጥ ክፍተት ይሆናል፤ ይህን ምን ትለዋለህ? ዝም አለ። ግግር በረዶ በሕይወቱ አላየም።

«ተኳርፈዋላ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ ራንድክሉፍትን ኩርፊያ እያልኩ እጽፋለሁ። በማግስቱ ቁርስ ላይ እንግሊዛውያኑን «ድንጋዩና በረዶው ተኳርፈዋል» አልኳቸው፤ ሚስትየዋ ባላቸውን አይተው ሳቁ፤ ያን ቀን በሌላኛው መንገድ ወጡ።